«ቤቶች!» ሲባሉ የማይመልሱት ጎረቤት

ለታሪክ ይመዝገብ፦ የላይ አምባ ጎጥ ነዋሪዎች ሐምሌ ሁለት ቀን ባደረጉት አስቸኳይ ስብሰባ፣ ጋሽ ወንድይፍራው አንዲት አምፖል ቤቴ አላስገባም በማለታቸው የተሰማቸውን ጥልቅ ሐዘን በሙሉ ድምፅ አጽድቀዋል። የመብራቱ ምሰሶ የቆመው በእሳቸው አጥር ጥግ ነው፤ ሽቦው ግን ጣሪያቸውን አልፎ ወደ ጎረቤታቸው ወደ የሺመቤት ቤት ይሄዳል። ሽማግሌው ክረምት ሲገባ በራቸውን ዘግተው፣ እሳት ሳያነዱ፣ በሶ እየበጠበጡ፣ ጭስም ድምፅም ሳያወጡ እስከ መስከረም ይከርማሉ። ከሁሉ የከፋው ነውራቸው ደግሞ ደጃቸው ቆሞ «ቤቶች!» ላለ ሰው እንደ ወጉ «ደጆች! ግቡ!» ብለው አለመመለሳቸው ነው።

«መብራት ከገባ ፊታቸውን ሊያዩት ነዋ! እሱን ፈርተው ነው» እያለ የየሺመቤት ባል አጥናፉ ይስቅባቸው ነበር።

አጥናፉ ትናንት ጧት የጠፋች በቅሎ ሊፈልግ ወደ ላይ፣ ወደ ጓሳው የሣር ሜዳ ወጣ። ከኋላው ጉሙ ወረደ። አልተመለሰም።

ዛሬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጉሙ አጥሩን አልፎ የግቢውን ግማሽ ውጦታል። የሺመቤት፣ መንገድ ቢስት እንኳ ብርሃኑን አይቶ ይመጣል ብላ፣ አምፖሏን አውጥታ በሩ ራስ ላይ ሰቅላዋለች። አየሩ እርጥብ የበግ ጠጉር፣ እርጥብ ጭቃ ይሸታል፤ ከገደሉ ሥር የሚወርደው ውሃ ድምፅ አንዴ ከእግሯ ሥር፣ አንዴ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስልና ድንገት ጸጥ ይላል፤ እንቁራሪቶቹም አብረውት ዝም ይላሉ፣ የሆነ ነገር ቆሞ የሚያዳምጥ ይመስል። ውሻው ከትናንት ጀምሮ ከአልጋ ሥር አልወጣም።

ጓሳውን እንደ ጋሽ ወንድይፍራው የሚያውቀው የለም። ነጠላዋን ተከናንባ ደጃቸው ሄደች።

«ቤቶች!»

ዝም።

«ቤቶች! ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ የሺ ነኝ!»

በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ አየች። ሽማግሌው ጨለማው ውስጥ ቁጢጥ ብለው፣ አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፍነው ይዘዋል። የሚያዩት እሷን አይደለም፤ ከትከሻዋ በላይ ያለውን ነው። ዘወር አለች። ጉም ብቻ።

«ባሌ ጠፍቷል እኮ! እርስዎ ሰው አይደሉም?»

በጣቶቻቸው መሀል፣ «መብራቱን አጥፊ። ለጠራሽም አትመልሺ» አሉና አፋቸውን መልሰው አፈኑ።

«ታዲያ በምን አይቶ ይምጣ?» እያለች እያጉረመረመች ተመለሰች። አላጠፋችም። እንዝርቷን አንስታ ጠጉር መፍተል ጀመረች።

«ቤቶች!»

የአጥናፉ ድምፅ ነው።

«ደጆች! ግባ!» አለች፣ አፏ ከልጅነቷ የለመደውን፤ እንዝርቱን ጥላ በሩን በረገደችው። የገባት ያኔ ነው፦ ሰው የገዛ ቤቱ ደጅ ቆሞ «ቤቶች» አይልም።

የጠራው አልፏት ገብቶ እንግዳ የሚቀመጥበት መደብ ላይ ተቀመጠ። ጋቢው የአጥናፉ ነው። ከዚያ ሁሉ ጉም አንዲት ጠብታ አልነካችውም፤ ሽታው ግን ለዓመታት ተደፍኖ የኖረ የእህል ጉድጓድ ሲከፈት የሚወጣው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

ከሩቅ፣ ከጓሳው አፋፍ፣ የደከመ ድምፅ መጣ። «የሺ! የሺዬ! መብራትሽ ታየኝ! በቅሎዋንም አገኘኋት!»

«አትምጣ!» ልትል አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ሞከረች፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ድምፅ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። አምፖሉ ከራሷ በላይ ነው፤ እጇ ግን ከጎኗ አልነሳ አላት። ማዶ፣ የጋሽ ወንድይፍራው በር ከውስጥ ሌላ እንጨት ሲደገፍበት ሰማች።

ኮቴው እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ከበረንዳው ሥር ቆመ።

«ምነው የሺ፣ ወጥተሽ አትቀበይኝም እንዴ?» አለ አጥናፉ፣ በቅሎዋን እያሰረ፣ እየሳቀ።

«አልወጣም፤ ለምን እንደሆነም አልናገርም፤ አንተ ግባ» አለው መደቡ ላይ የተቀመጠው፣ በየሺመቤት ድምፅ።