አሥራ ሁለተኛዋ ሰንጢ

ያንን ሰውዬ መጀመሪያ ያየሁት ቀን አንቄ ልገድለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አባቴ ሰንጢ ሠሪ ነው፤ እጀታዋ የቀንድ፣ ታጥፋ ኪስ የምትገባ ሰንጢ። ሰንጢ ሰብሳቢዎች ሥራውን ፍለጋ ከሩቅ ይመጣሉ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የምሠራው እኔ ሴት ልጁ ነኝ። ማኅተሙ የእሱ፣ ላቡ የእኔ። ይህ ከታወቀ አባቴ በሕይወት የሚቆይ አይመስለውም።

ሱቃችን የገባው ሰውዬ ረጅም፣ ዓይን አፋር ወጣት ነበር። ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ሰንጢ አወጣ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የዚች ጥፍር ማስገቢያ በተሳሳተ ጎን ነው።»

ክው አልኩ። ስለቱን ለመክፈት ጥፍር የምናስገባባት ጭረት የምትሞረደው ለቀኝ እጅ በሚመች ጎን ነው። እኔ ደግሞ ግራኝ ነኝ። አንድ ቀን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ለራሴ በሚመቸኝ ጎን ሞርጃት ኖሯል!

አባቴ ዓይኑን አላሸም። «ሆን ብዬ ነው። ለግራኝ ነው የሠራኋት።»

«እንደዚያ ከሆነ» አለ ሰውዬው፣ ሻይ የምቀዳበትን ግራ እጄን እያየ፣ «አሥራ ሁለት ለግራኝ ይሥሩልኝ። በየቅዳሜው እየመጣሁ አንድ አንድ እወስዳለሁ።»

ጉድ ፈላ!

በየቅዳሜው ከተፍ ይላል። አባቴ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ፊት ተቀምጦ ሞረድ ይይዛል፣ እኔ አቧራ እጠርጋለሁ። «ጋሼ፣ የስለቱ ሞላ እንዴት እንዲህ ጠበቀ?» ብሎ አባቴን ይጠይቅና መልሱን የሚሰማው እኔን እያየ ነው። በቀኝ እጁ የግራኝ ሰንጢ ለመክፈት የሚያየው አበሳማ አይጣል ነው።

«አምጣት እባክህ፣ ጣትህን ሳታጣ» ብዬ ስቀበለው እጃችን ይነካካል። አባቴ ያስላል።

«ለመሆኑ ምን ቆርጠህባቸው ታውቃለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«መቁረጥ? መስታወት ሣጥን ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው።»

«ብርቱካን እንኳ?»

«ብርቱካን!» እናቱን የሰደብኩበት ያህል ደነገጠ።

«አይ አንተ! ፎቶዋን ብትገዛ አይቀልህም ነበር?»

ሳቀ። ሳቁ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም። ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ።

አሥራ አንደኛዋን ሲወስድ ምግብ አልበላ አለኝ። አንዲት ብቻ ቀረች። ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይመጣል? ስለ ሞላ ካልሆነ አፉ አይፈታ! ስለዚህ የአሥራ ሁለተኛዋን ጥፍር ማስገቢያ ለቀኝ እጅ በሚመች ጎን ሞረድኩ። አውቄ ነው። ተሳስታለች ብሎ ይመልሳት፣ እስክትስተካከል ይመላለስ ብዬ።

ቅዳሜ ተቀበላት፣ አገላበጣት። «ጋሼ፣ ይቺ... ተሳስታለች።»

አባቴ ተቀብሎ አያት። እኔን አየኝ። እሱን አየው። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልደበቀውም።

«ስማኝ ልጄ» አለው። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሰንጢ አልሠራሁም። የምትሰበስበው የእሷን ሥራ ነው። አንዴ ብቻ ነው የተሳሳተችው፣ ያቺንም አንተ ይዘሃት መጣህ። ይቺ ግን ስሕተት አይደለችም።»

«አባዬ!» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የእሷ መሆኑን አውቃለሁ ጋሼ» አለ ሰውዬው፣ ጆሮው ቀልቶ። «ሻይ ስትቀዳ ካየኋት ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አለ አባቴ።

«እርስዎን እንዳላስቀይም ብዬ። ደግሞም... አሥራ ሁለት ቅዳሜ ይቀርብኝ ነበር።»

ከምሳ ዕቃዬ ብርቱካን አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። ብርቱካኑን አየ፣ ሰንጢዋን አየ፣ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ በቀኝ ጥፍሩ ቀጭ አድርጎ ከፈታት፤ ምንም አልታገለም። አላላጡ ግን አያድርስ ነው! የብርቱካኑ እኩሌታ ከልጣጩ ጋር ሄደ። ከተረፈው የመጀመሪያውን ቁራጭ ለአባቴ፣ ሁለተኛውን ለእኔ ሰጠ። አዲሱ ስለት ላይ የወረደውን ጭማቂ አልጠረገውም።

«ነገ ብመጣስ?» አለኝ።

«ነገ እሑድ ነው፤ ሱቁ ዝግ ነው» አለ አባቴ፣ ብርቱካኑን እያኘከ።

«አውቃለሁ ጋሼ። የምመጣው ለሰንጢ አይደለም።»