የወጌሻው ፍሬ-እጅ

በዚያ ማለዳ ይርገዱ የሞተ ሰው እጅ ሰርቃ የሟቾች ሙያ ከሚከማችበት ጎተራ ስትወጣ፣ በሩ እንደ ወትሮው «መልካም ቀን» አላት። የሰረቀችው ፍሬ-እጅ ይባላል፤ የሟች ባለሙያ ልምድ የተቀመጠባት፣ ምስር የምታህል ጠጠር ናት። ከጆሮ ጀርባ ሲለጥፏት ሙያው ወደ እጅ ይፈሳል። በዚያች ከተማ ማንም ምንም አይማርም ነበር፤ ያለው ይገዛል፣ የሌለው ይሰርቃል።

ይርገዱ እስከዚያ ቀን የሰረቀችውን ሁሉ ሸጣለች። ይህችን ግን ለታላቅ ወንድሟ ለደባልቄ ፈለገቻት። ደባልቄ ከፎቅ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰብሯል፤ አጥንቱ እንደ ጠመመ ከጠገገ ዕድሜ ልኩን አይራመድበትም። የሕክምናው ማሽን ደግሞ እንደ እነርሱ ያለውን ድሃ አያይም።

ጠጠሯን ከመስታወት ቅርፊቷ በጩቤ ፈልቅቃ ለጠፈቻት። ጩቤው ሰንጥቋት ኖሮ ወደ እጇ አንዳች አልፈሰሰም። በምትኩ አንድ ሽማግሌ በጆሮዋ ውስጥ ሲስል ሰማች።

«ማነሽ አንቺ?»

«ሌባ ነኝ» አለች ደንግጣ።

«እሱንማ በጩቤ መፈልቀቅሽ ይናገራል። ወጌሻ ሙላው እባላለሁ። ማንን ሰብረሽ መጣሽ?»

«እኔ ማንንም አልሰበርኩም፤ ወንድሜ ወድቆ ነው። አባባ፣ ሙያዎን ያፍስሱልኝና ልሂድ።»

«መፍሰሻው ተሰንጥቋል። ማስተማር ግን እችላለሁ።»

«ማስተማር ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ገንቦ ሰብራ ስልቻ ውስጥ እንድትከተው፣ ሳታይም በዳሰሳ ብቻ ስብርባሪውን መልሳ እንድትገጥም አዘዛት። ወጌሻ ሁሉ የሚጀምረው እንዲህ ነበር።

ጣቶቿ ደሙ። «ኧረ ይሄ ሥራ አይደለም፣ ቅጣት ነው!»

«የሰው ላብ ለምደሽ ነው የራስሽ የመረረሽ። እንደገና!»

ሲነታረኩ ሰነበቱ። ሸክላው በእጇ ሥር እየታዘዘ ሲሄድ ግን ሽማግሌው ይሳሳት ጀመር። የተሰነጠቀችው ጠጠር አንዴ የተናገረችው ሁሉ ከውስጧ ይጠፋ ነበርና።

«አባባ፣ ትናንት ያስተማሩኝን ዛሬ እኔን ይጠይቁኛል። በቃ ይረፉ፣ እያለቁ ነው።»

«ወንድምሽ ይጠብቃል። ቀጥይ።»

የደባልቄን እግር ስባ ስትገጥም ወንድሟ ጮኸ፣ ረገማት። በጆሮዋ ያለው ድምፅ ደግሞ እንደ ሕፃን ጠየቀ፦ «ይህ የምን አጥንት ነው?»

«ቅልጥም ነው። እርስዎ ነዎት ያሳዩኝ።»

«እኔ?» አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

እግሩ ጠገገ። ደባልቄ ሲራመድ ባየች ጊዜ፣ ይርገዱ አዲስ ገንቦ ሰብራ ስልቻውን አቀረበችለት።

«ና፣ ላስተምርህ። እኔ ብሞት ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም።»

ደባልቄ እጁን ከተተ፤ ሸክላው ቆረጠው። ጣቱን እየመጠጠ ሳቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ነካሽ እንዴ? ይህን ሁሉ ከምለፋ ሌላ ፍሬ ብሰርቅ አይሻለኝም?»

ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ይርገዱ እርምጃውን አዳመጠች። አንድም ጊዜ አላነከሰም። አንድ ሽማግሌ ራሱን እስኪረሳ ድረስ የከፈለው ለዚህ እርምጃ ነበር፤ እርምጃውም ወደ ሌላ ሟች መዝረፊያ ይፈጥናል። እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተመለከተችው። እጇ ሕያው ነበር፤ ሰው የሚፈልገው ግን እሷ ሞታ እጇ ጠጠር ሲሆን ብቻ ነው።