ከጥሩምባው በኋላ

የካቦው የአለበል ሬሳ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው የድንጋይ ካባ ውስጥ ተጋድሟል። አለንጋውን አልለቀቀም። አጠገቡ የተሰበረ የአረቄ ጠርሙስ ወድቋል።

የጣሊያኑ ሻምበል ሕግ አጭር ነው፦ አረቄ የቀመሰ ካባ አይገባም፤ ፈንጂ ሊፈነዳ ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ የገባ ደሙ በራሱ ነው። የሠራተኛውን አፍ በየጠዋቱ የሚያሸተው አለበል ነበር።

«ሰክሮ ነው የሞተው» አለ ሻምበሉ። «አረቄ ሻጯ ዛሬ ትሰቀላለች።»

አረቄ ሻጯ ሥራነሽ እጇን ታስራ ቆማለች። የቀድሞው ዳኛ ግራዝማች አምባዬ ጣሊያንኛ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ መርማሪም አስተርጓሚም አድርገዋቸዋል።

«ለማን ሸጥሽ፣ ልጄ?»

«ለአለበልማ አይደለም፣ ጌታዬ። አረቄ ሲሸተው የሚያስመልሰው ሰው! ለማን እንደሆነ ግን ቢሰቅሉኝም አልናገር።»

ግራዝማች ጎንበስ ብለው የጠርሙሱን አንገት አነሡ። ውታፉ እንደተወተፈ ነው። ከድንጋዩ መሀል የጋቢ ቁራጭ ሳቡ፤ ደም የለበትም፤ ጭድ ተጣብቆበታል።

ድንጋይ ፈላጩን ፈንታን ጠሩት።

«ጥሩምባው ተነፍቶ ነበር?»

«በደንብ ነዋ! ግን መሸሸጊያው ሳንደርስ ፈነዳ። ሌላ ቀን ደርሰን፣ ተቀምጠን፣ አለበልን አምተን እንጨርሳለን።»

ሰዉ ሳቀ። ጥሩምባውን የሚነፋውና ፈንጂውን የሚለኩሰው እንዳላማው ግን አልሳቀም። በዚያ ውርጭ በእጀ ጠባብ ብቻ ቆሟል።

ግራዝማች ሁሉንም በሬሳው ዙሪያ ሰበሰቡ።

«የሚገርፈው ሰው ያየ ነው አለንጋ የሚጨብጥ» አሉ በአማርኛ። «ከፈንጂው አጠገብ ጭድ የተሞላ ጋቢ ተጋድሟል፤ ጎኑ ጠርሙስ። አለበል የተኛ ሰካራም መሰለው። የፈንጂውን መለኮሻ ክር ርዝመት ስለሚያውቅ፣ ሳይፈነዳ ገርፌ እመለሳለሁ ብሎ ገባ። ክሩ ግን አጥሮ ተቆርጧል። የሚቆርጠው ደግሞ የሚለኩሰው ነው። ጋቢህ የት አለ፣ እንዳላማው?»

እንዳላማው ቀና አለ። «ወንድሜ ጥርሱን አሞት በአረቄ ቢጉመጠመጥ፣ አፍህ ሸተተኝ ብሎ እዚሁ ገርፎ ገደለው። እኔም ያንኑ አረቄ አጠመድኩለት። ሴትዮዋን ፍቱና እኔን ስቀሉኝ።»

«ምን አለ?» ሻምበሉ ጮኸ።

ግራዝማች አለንጋውን አዩት። የእንዳላማው ወንድም ሲገነዝ የተገረፈ ጀርባውን ያዩት እሳቸው ነበሩ።

«ጠርሙሱ አልተከፈተም፤ ማንም አልጠጣም ይላል» አሉ በጣሊያንኛ። «ካቦው የገባው ከጥሩምባው በኋላ ነው። ሕጉ የርስዎ ነው።»

ሻምበሉ የጠርሙሱን አንገት ተቀብሎ ውታፉን አየ። ወረወረው። «ፍቷት» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

እንዳላማው ጥሩምባውን ከመሬት አነሣ። ዓይኑ የሻምበሉ ጀርባ ላይ ነው።

«ጌታዬ፣ ሻምበሉ ካባውን ዳግመኛ የሚጎበኘው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ» አሉ ግራዝማች። «ጋቢ እሰድልሃለሁ።»