ፕላስቲኩ ያልተቀደደው ካሴት

«ለመላው ቤተሰብ!» አለ አጎቷ ወንበር ላይ ቆሞ። «ዛሬ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ የድሮ የኩንግፉ ፊልም ካሴት ወደዚህ ቤት ይገባል። እጁን በሳሙና ያልታጠበ ሰው አጠገቡ ዝር እንዳይል!»

መላው ቤተሰብ ማለት እሱና የእህቱ ልጅ ናቸው። በልጅነቷ ትራስ ስትደበድብ ስለምትውል «ቡጢ» ይላታል፤ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ካሴቱን ይዞ የመጣው «ማስቲካ» የሚሉት የክፍሏ ልጅ ነበር፤ አፉን ከፍቶ እያላመጠ ገባ። አጎቷ ካሴቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ አሸተተው። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ የፕላስቲኩን ጠርዝ ላስ አደረገ።

«ኤጭ! ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?» አለች ቡጢ።

«የድሮ ፕላስቲክ ጨው ጨው ይላል። አዋቂ ነው የሚያውቀው።»

ጨው ጨው ያለው የማስቲካ ላብ ነው። ትናንት በእናቱ የፀጉር ማድረቂያ አዲስ ፕላስቲክ ካሴቱ ላይ ሲያኮማትር ቡጢ አይታዋለች። ውስጡ ያለው ካሴት ሻጋታ የወረረው፣ የበረሮ ኩስ ያለበት ነው። «ሰብሳቢዎች እኮ ፋራ ናቸው፣ ከፍተው አያዩም» ብሎ ስቆ ነበር። «ደግሞ እንዳታሳብቂ!» ለማን እንደሚሰጠው ግን አልነገራትም።

«በለውጡ ምን ትፈልጋለህ?» አለ አጎቷ።

«ቪዲዮ ዴኩ ውስጥ ያለውን ካሴት።»

ቡጢ ክው አለች። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሁለቱ የሚያዩት ፊልም ነው። ጢማሙ አሰልጣኝ አፉን ከዘጋ በኋላ ንግግሩ ይቀጥላል፤ ቡጢው ማንንም ሳይነካ «ጧ!» ይላል። አጎቷ የአሰልጣኙን፣ እሷ የተማሪውን ንግግር ቀድመው እያሉ በሳቅ ይፈርሳሉ።

«እሱማ ያለቀለት ነው፣ ውሰደው» አለና አጎቷ ካሴቱን ሊያወጣ ጎንበስ አለ።

አንዱ ይልሳል፣ አንዱ ያላምጣል። ብትናገር ማስቲካ ሰፈር ውስጥ መግቢያ ያጣል። ዝም ብትል ፊልማቸው መሄዱ ነው።

አጎቷ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን የታሸገ ካሴት አነሳችና ጥፍሯን ሰክታ ፕላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው። ከሥሩ ያለውን ካርቶን ግን ሳትከፍት ማስቲካ ደረት ላይ ለጠፈችበት።

«ይዘህ ውጣ።»

ማስቲካ ካሴቱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ።

«አበድሽ እንዴ!» አጎቷ የተቦጫጨቀውን ፕላስቲክ ከወለሉ ለቀመ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ስንት ዓመት ሰው ያልነካው ንብረት! ምን አድርጌሽ ነው?»

አሮጌውን ካሴት መልሳ ዴኩ ውስጥ ከተተችው።

«እኮ ለምን? ተናገሪ!»

«አልናገርም።»