የማን ደም ነው?

ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስም ነው። ውስጡ ያለው ደም ግን የእሷ አይደለም።

ይህን የጠረጠረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት የላቦራቶሪው ኃላፊ።

ልጅቷ ቀኝ ሆዷን ይዛ ታቃስታለች። ሐኪሙ ትርፍ አንጀት መስሎታል። ለማረጋገጥ ደሟን አስመረመረ። ነጭ የደም ሴል ስድስት ሺህ፤ የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ መለኪያውም ደህና። ስለዚህ ወደ ቤት ሊሸኛት ነው።

እትዬ ስልኩን አነሳች።

«ዶክተር፣ እንዳትሸኛት! ሩብ ሰዓት ስጠኝ።»

«ውጤቱ ደህና ነው እኮ፣ እትዬ።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ።»

መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠረች። ደግማ መረመረች፤ ያው ነው። ከሌላ ሰው ደም ጋር ተቀያይሮ ይሆን? ጠዋቱን ሙሉ የገባው የእርጉዞች ደም ብቻ ነው። የዚህኛው የደም መጠን፣ ሄሞግሎቢኑ፣ ደግሞ አሥራ ሰባት! ልጅቷን ኮሪደር ላይ አይታታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አሥራ ሰባት የጎልማሳ ወንድ ደም ነው። አቤት የዚህች ሴት ዓይን!

ደም ቀጂውን አስጠራችው። «አንዴ» ይሉታል፤ በመጀመሪያው መርፌ ደም ሥር ስለማይስት።

«ልጅቷን ስንት ጊዜ ወጋሃት?»

«እኔ? አንዴ ነዋ!»

«እጅጌህን ሰብስብ።»

«ለምን፣ እትዬ?»

«ሰብስብ አልኩህ!»

ክንዱ መታጠፊያ ላይ ትኩስ የመርፌ ነጥብ አለ።

«ሦስቴ ሳትኳት» አለ። «አባቷ ‹ጎበዝ የተባለው ይሄ ነው?› ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ከእንግዲህ ማን ‹አንዴ› ይለኛል ብዬ... ከራሴ ቀዳሁ።»

ለስም ብሎ! ለቅጽል ስም ብሎ የሰው ልጅ ሊገድል!

እትዬ ለመቆጣት ጊዜ አላባከነችም። ሮጠች። የልጅቷን ክንድ በሞቀ ፎጣ ጠቀለለች፣ ደም ሥሩ ብቅ እስኪል በትዕግሥት ዳበሰች፣ ቀዳች። ነጭ የደም ሴል ሃያ አንድ ሺህ። የብግነት መለኪያው ጣሪያ ነክቷል።

«ዶክተር፣ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገባት!»

ሐኪሙ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጭምብሉን እያወለቀ ወጣ።

«ተርፋለች» አለ ለአባትየው። «ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው።»

አባትየው እያለቀሰ እግሩ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ። ሐኪሙ ቀና አደረገውና ትከሻውን ይዞ ወደ ላቦራቶሪው መስኮት አዞረው።

«እሷን አመስግን» አለው። «እኔ ወደ ቤት ልልካት ነበር።»