ሳይወለድ የወጣለት ስም

ፈንታው ኡሙሃኒን ያያት በጎብዬ ገበያ ነው። ማሽላ ትሸጣለች። ስልቻውን ቢሰጣት በቀዳዳው አሻግራ አየችው።

«አያ፣ የዚህስ ከአፉ ቀዳዳው ይሰፋል።»

«ስፊልኛ።»

«ሚስት የለህም?»

«እሷን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

አንገቷን ደፋች። ስልቻውን ግን በቀይ ክር ሰፋችለት። በሦስተኛው ገበያ ሽማግሌ ላከ፤ ተፈቀደለት።

አጎቷ ሸህ ታሂር የተማሩ ነበሩ። አንድ ቀን እሷና ፈንታው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ኡሙሃኒ ሲቀሩ የሰማችው ዘከሪያ የሚለው ስም ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ከዕብራውያን የመጣ የነቢይ ስም ነው» አሉ። «አላህ አስታወሰ ማለት ነው። ቄሶቹም ዘካርያስ ይሉታል። በስተርጅናው ልጅ ለምኖ ያልተረሳ ሰው ነው።»

ደጅ ሲወጡ «የበኩራችን ስም ይሁን» አለችው በሹክሹክታ። ላልተወለደ ልጅ ስም ማውጣት በአገሩ ነውር ነው፤ ሞት ይጠራል ይባላል። ለማንም ላይናገሩ ተማማሉ።

በዚያው ዓመት ዝናቡ ቀረ። በሬዎቹ አለቁ፤ ሠርጉ ተላለፈ። ፈንታው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ሲነሣ እስከ ዋጃ ሸኘችው።

«ብትረሳኝስ?»

«ስሙን ይዤ?»

ሳቀች። ከንፈሯ ደርቆ ነበር።

ሁመራ ላይ ወባ ጣለው። የተመለሰው ከዓመት በኋላ ነው። ቤቷ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ወደ ቆቦ የረሃብተኞች መጠለያ ሄደ። ደብሪቱ የምትባል ሴት አጥሚት ታድላለች። ስለ ኡሙሃኒ ሊጠይቃት ሲጠጋ፣ እሷ ወደ ሕፃናቱ ዞረች።

«ዘከሪያ! ና ውሰድ!»

ፈንታው ባለበት ቆመ። አንድ ትንሽ ልጅ እየተንገዳገደ መጣ።

«የማን ልጅ ነው?»

«እናቱ መንገድ ላይ ቀረች። ኡሙሃኒ የምትባል ልጅ አነሣችው። የራሷን ድርሻ ለሱ እየሰጠች...» ደብሪቱ አቀረቀረች። «ካረፈች ዛሬ ሃያ ቀኗ።»

ፈንታው ወደ ልጁ ዞረ።

«ስሙን ማን አወጣለት?»

«እሷው። ‹አባቱ ሁመራ ነው፤ ሲመጣ በስሙ ያውቀዋል› ትል ነበር። እኛማ ትቃዣለች ብለን።»

ፈንታው በቀይ ክር የተሰፋውን ስልቻ ከትከሻው አወረደ። ልጁን አነሣው። ክብደት አልነበረውም።

ሌላ ሚስት አላገባም። ዘከሪያ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ያ ስም እሷን ገደላት ወይስ ልጁን አዳነው፣ ፈንታው አሁንም አያውቅም። ስሙን በጠራ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ወደ ልጁ አይደለም፤ ወደ ዋጃ መንገድ ነው።