አዳማ የደረሰው ከበሮ

ኦዳ ሞቶ የተገኘው እሑድ አመሻሹ ላይ ነው። ቡራዩ ውስጥ ተቀጥሮ በሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት፣ እንጨት ከሚታሰርበት የብረት ሞርሳ ሥር ተዘርግቶ ነበር። ያገኙት የሥራ ቤቱ ባለቤት ኦቦ ጃራ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ሱሉልታ ለቅሶ ላይ ውለው ሲመለሱ በሩን ገርበብ ብሎ አዩት፤ ገቡ፤ «ያ ዋቃዮ!» ብለው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ኢንስፔክተር የሺወርቅ ስትደርስ ሰፈሩ ገዳዩን መርጦ ጨርሷል። «ሚስቱ ናት» ይላል ሁሉም። ቅዳሜ ማታ ዱርሲቱ «ነገ ኳስ ብለህ ከወጣህ ሬሳህ ይመለስ!» ብላ ስትጮህ ግቢው በሙሉ ሰምቷታል። እንግዲህ ባልና ሚስት ሲጣሉ የማይባባሉት ነገር አለ? ያሉት ሁሉ ቢደርስማ ቡራዩ ውስጥ አንድ ባል ባልተረፈ ነበር። አብሯት የመጣው ሳጅን ግን ይህ አልታየውም፤ ካቴናውን አውጥቶ ቆሟል። ዱርሲቱ ከታሰረች የሰባት ዓመት ልጇን ፌኔትን የሚሰበስብ ዘመድ በአቅራቢያ የለም።

«ቆይ» አለችው የሺወርቅ፤ ሬሳው አጠገብ ተንበርክካለች።

ኦዳ የሚደግፈውን የእግር ኳስ ክለብ ማሊያ ለብሷል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ማሊያው ላይ የመላጊያ ፍቅፋቂ ተበትኗል። ሱሪውን በወፍራም የቆዳ ቀበቶ አስሯል።

«ወደ ስታዲየም ሊሄድ ለባብሶ እያለ ነው የገደለችው» አለ ሳጅኑ።

የሺወርቅ ቀበቶውን ደጋግማ አየችውና ተነሳች።

ዱርሲቱ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«ምን አጣላችሁ?»

«ኳስ ነዋ። አንዴ አዳማ፣ አንዴ ሀዋሳ፣ አንዴ ድሬ። አውቶቡስ፣ ትኬት፣ ምግብ፣ አልጋ። እነሱ ይጫወታሉ፣ እኛ እንከፍላለን። የፌኔት የትምህርት ቤት ምዝገባ ነገ ያበቃል፤ እሱ ለምዝገባው ያስቀመጥነውን ለጉዞ አዋጣው።»

«ቅዳሜ ማታ ከተጣላችሁ በኋላ ወጥቶ ነበር?»

«የት ይወጣል? ከሥራ እንደገባ እስኪነጋ እዚሁ ነበር።»

«ጠዋት ሲወጣስ ምን አለሽ?»

«እንጃ። ነቅቻለሁ፤ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ መሰልኩ።» ጉልበቷን ዳሰሰች። «ሰው ሁሉ ለምን አታለቅስም ይለኛል። እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው የሆንኩት። አካሌ የኔ አይመስለኝም።»

ሰኞ ጠዋት የሺወርቅ ደጋፊዎቹ የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ገባች። የጉዞ አስተባባሪው ኪሩና እሑድ ለጨዋታው አብሮት አዳማ የሄደው ዛኪር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። የኪሩ ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«እሑድ ኦዳን አይተኸዋል?» አለችው።

«አላየሁትም። አውቶቡሱ ላይ ሆነን ደወልንለት፣ አያነሳም። ሚስቱ አስቀረችው ብለን ሄድን።»

«አስጨፋሪያችን እኮ ነው!» አለ ዛኪር። «ቀርቶ አያውቅም። ደግነቱ ከበሮው ነበር፤ እስከ አዳማ ስንጨፍር ሄድን። ምን እናውቃለን፣ ወይኔ!»

«ከበሮው የማን ነው?»

«የራሱ የኦዳ ነዋ። ኪሩ ይዞት መጣ።»

«ቅዳሜ ማታ ሰጥቶኝ ነው» አለ ኪሩ ፈጠን ብሎ።

የሺወርቅ አመስግናቸው ወጣች። ቀጥላ ኦቦ ጃራ ዘንድ ሄደች።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጃራ። የኦዳን ከበሮ የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«እዚህ መደርደሪያ ላይ ነዋ፣ ልጄ። ቅዳሜ ቆዳውን ሲያጠብቅ ዋለ። ‹አደራ፣ እንዳይነኩብኝ› ብሎኝ እሱ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኔ ከበሮውን እዚያው ትቼ ዘጋሁ።»

«ቁልፉ ማን ዘንድ አለ?»

«እኔና እሱ ዘንድ። የኔው ሱሉልታ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማል ጎና፣ ምን ይደረጋል፣ ለቅሶ ሄጄ ለቅሶ ጠበቀኝ።»

ከቀትር በኋላ የሺወርቅ ሁሉንም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኦቦ ጃራ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ዛኪርና ኪሩ ግድግዳውን ተደገፉ። ዱርሲቱ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ሳጅኑ ከጎኗ አልራቀም።

«ሁላችሁም ኦዳ ወደ አዳማ ሊሄድ ሲል ሞተ ብላችኋል» አለች የሺወርቅ። «ዛኪር፣ ስታዲየም በር ላይ መጀመሪያ የሚወሰድብህ ምንድን ነው?»

«ቀበቶ ነዋ! ፖሊስ አያስገባም። እኛማ ሱሪያችንን በገመድ አስረን ነው የምንሄደው።»

«እኔም እዚያ በር ላይ ፍተሻ ቆሜ ስንቱን ቀበቶ ሰብስቤያለሁ። ኦዳ ደግሞ የዓመታት ደጋፊ ነው። እሑድ ጠዋት ግን ቀበቶውን አስሮ ወጣ።»

«ማሊያውስ?» አለ ሳጅኑ።

«ማሊያውን በዓመት በዓልም አያወልቀውም» አለች ዱርሲቱ። «ሌላ ልብስ መች ይገዛና!»

«ማሊያው ላይ የተበተነው ፍቅፋቂም የዚያኑ ቀን ነው። ኦዳ እሑድ ስታዲየም አልሄደም። ሥራ ገባ።»

ዱርሲቱ ቀና አለች።

«ታዲያ ከበሮው እንዴት አዳማ ደረሰ?» አለች የሺወርቅ ወደ ኪሩ ዞራ። «ቅዳሜ ማታ ሰጠኝ ብለኸኛል። ሥራ ቤቱ ሲዘጋ ከበሮው እዚህ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ኦዳም እስኪነጋ ከቤቱ አልወጣም። አንዱ ቁልፍ ሱሉልታ ነው። ስለዚህ ከበሮው ከዚህ የወጣው እሑድ ጠዋት፣ ኦዳ በሩን ከፍቶ ከገባ በኋላ ነው። ይዞት የወጣው ኦዳን አይቶታል። አላየሁትም ያልከው ግን አንተ ነህ።»

ኪሩ እጆቹን አየ።

«የአውቶቡሱ ባለቤት ነዳጅ ጨመረ ብሎ ጠዋት ዋጋ ጨመረብን» አለ። «የሁሉንም መዋጮ አስረከብኩ። ኦዳን ልጠራው ስመጣ እንጨት ይልጋል። አልሄድም፣ ልጄን ላስመዝግብበት፣ ያዋጣሁትን መልስልኝ አለኝ። የለኝም አልኩት። ኮሌታዬን ያዘኝ፤ ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ሞርሳው መታው። ይተነፍስ ነበር። ይነሳል ብዬ ነው... አውቶቡሱ ክላክስ እያደረገ ነበር።»

«ከበሮውን ለምን ወሰድክ?»

ኪሩ ጥያቄው እንደገረመው ሁሉ አያት። «ያለ ከበሮ እንዴት ይኬዳል?»

ዛኪር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሺወርቅ አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪም ቃል ባትናገረው ትመርጥ ነበር፤ ግን ነገ ፍርድ ቤት ከሚሰሙት ዛሬ ከእሷ ቢሰሙት ይሻላል። «ወዲያው አልሞተም» አለች። «ሐኪሙ እስከ ቀትር ሳይቆይ አይቀርም ብሏል። ሰው ቢደርስለት ይተርፍ ነበር።»

ሳጅኑ ከዱርሲቱ ጎን ተለይቶ ካቴናውን ኪሩ እጅ ላይ አጠለቀው። ዱርሲቱ ቀስ ብላ መጥታ ኪሩ ፊት ቆመች።

«አልሄድም አለህ?»

«አዎ።»

«ለፌኔት ነው አለህ?»

«አዎ።»

ዱርሲቱ ካቴናውን አየች።

«ስንት ለስንት ወጣችሁ?»

«ባዶ ለባዶ» አለ ኪሩ።

ዱርሲቱ እሺ እንደሚል ሰው ራሷን ነቀነቀች።